«አሮጌውን አጥፉና ይኼን ጫኑ» ሲሏችሁ ምን እያስደረጓችሁ ነው?

ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንድ መልእክት ይለቀቃል። «አዲሱ ቴሌብር ወጥቷል! አሮጌው ከነገ ጀምሮ አይሠራም፤ ፋይሉ ከታች አለ፣ ለሌላውም ሼር አድርጉ» ይላል። ሎጎው ያው ነው፣ ስሙ ያው ነው፣ ቀለሙም ያው። ፋይሉን ነካ ስታደርጉት ስልካችሁ ትንሽ ቆይቶ እምቢ ይላል። «አፕ ኖት ኢንስቶልድ» ብሎ ይጽፋል። አንዳንዱ ስልክ ደግሞ ምክንያቱንም ይጨምርበታል፤ ይኼ ፋይል ስልኩ ላይ ካለው ጋር ይጋጫል ይላል።

ግራ ገብቷችሁ ግሩፑን ትጠይቃላችሁ። መልሱ ወዲያው ይመጣል፦ «አሮጌውን አጥፉትና ድጋሚ ሞክሩ፣ ይሠራል።»

እውነቱን ነው፣ ይሠራል። ችግሩም እሱ ነው።

ያቺ «እምቢ» ብዙዎቻችን እንደ ስልክ ብልሽት የምናያት፣ ግን ስልካችን ላይ ካሉት ጥበቃዎች ሁሉ ጠንካራ ከሚባሉት አንዷ ናት። አንድሮይድ ላይ የሚጫን እያንዳንዱ አፕ የሠሪው ዲጂታል ፊርማ አለበት፤ ፊርማ የሌለውን ስልኩ ጭራሽ አይጭንም። አፑን መጀመሪያ ስትጭኑ ስልኩ «ይኼን የፈረመው ቁልፍ ይኼ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ በዚያው አፕ መለያ አፕዴት ነኝ ብሎ የሚመጣውን ፋይል ሁሉ ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። ቁልፉ አንድ ከሆነ ያስገባል። የተለየ ከሆነ፣ ሎጎው ቢመሳሰል ስሙ ቢመሳሰል፣ በሩን ይዘጋል።

አሮጌውን ስታጠፉት ግን መዝገቡም አብሮ ይጠፋል። ስልኩ የሚያውቀውን ፈራሚ ረስቶ፣ አዲሱን መጤ እንደ መጀመሪያ ሰው ይቀበለዋል። አጭበርባሪው ቁልፉን አልሰበረም፣ ሲስተሙንም ሀክ አላደረገም። በራችሁን በራሳችሁ እጅ አስከፈታችሁ እንጂ።

(በነገራችን ላይ «አፕ ኖት ኢንስቶልድ» ሁልጊዜ የፊርማ ጉዳይ አይደለም። ሜሞሪ ሲሞላም፣ ፋይሉ ተቆርጦ ሲመጣም፣ ስልኩ አሮጌ ሲሆንም ይመጣል። «ይጋጫል» የሚለው ሲጨመርበት ነው ቆም ማለት ያለባችሁ። ሌላም መንገድ አላቸው፤ በተለየ መለያ የተሠራ አስመሳይ አፕ ከሆነ ስልኩ ምንም ሳይል ይቀበለዋል። ያን ጊዜ ምልክቱ አንድ ዓይነት ሎጎ ያላቸው ሁለት አፖች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው።)

ፊርማው እንዴት ነው የሚሠራው? ከቀበሌ የምታወጡትን ደብዳቤ አስቡ። ክብ ማኅተም አለው፣ ቲተር አለው፣ የሊቀ መንበሩ ፊርማ አለው። አንዱ ተነሥቶ በተመሳሳይ እስክሪብቶ «500 ብር» የሚለው ላይ አንድ ዜሮ ቢጨምርበት ማኅተሙ ምንም አይሆንም፤ እዚያው እንደተመታ ይቀመጣል። ዲጂታል ፊርማ እንደዚህ አይደለም። የሚሰላው ከራሱ ከፋይሉ ይዘት ስለሆነ፣ ከተፈረመ በኋላ ውስጡ አንዲት ፊደል ብትነካ ሒሳቡ አይገጥምም፣ ፊርማውም ይበላሻል። ከአንዱ ፋይል ቆርጦ ሌላው ላይ መለጠፍም አይቻልም። መፈረሚያው ምስጢራዊ ቁልፍ ሠሪው ጋ ብቻ ይቀመጣል፤ ማረጋገጫው ቁልፍ ግን ከፋይሉ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ማንም ስልክ ማጣራት ይችላል።

«አብሮ ይመጣል» የሚለውን ልብ በሉልኝ። ወደ ወገዳ የሚያመጣን እሱ ነው።

ጋይንት፣ ስማዳ፣ እስቴ ያደገ ሰው አፕ እንዴት እንደሚዞር ያውቃል። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ እንደነበር የሚረሳ የለም። ክፍት ሲሆንም ዳታው ውድ ነው፣ ኔትወርኩም ዳገት ወጥተህ የምትለምነው ነው። ስለዚህ አንዱ ደብረ ታቦር ወይ ባሕር ዳር ወርዶ ያወረደውን ይዞ ይመለሳል፣ ከዚያ በዜንደር፣ በብሉቱዝ፣ በሜሞሪ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል። ከተማ ያለው የቴክኖሎጂ አስተማሪ «ከፕሌይ ስቶር ውጪ በጭራሽ አትጫኑ» ይላል። ምክሩ ጥሩ ነው። ግን ለስማዳ ልጅ «ዝናብ ሲዘንብ ከቤት አትውጣ» እንደማለት ነው።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ፕሌይ ስቶር የማይደርስበት ቦታ ፊርማው ይደርሳል። ከጓደኛህ ስልክ በዜንደር የመጣ ትክክለኛ ቴሌብርና ከፕሌይ ስቶር የወረደው ቴሌብር የሚይዙት ፊርማ አንድ ነው። ስልክህ ይኼን ለማጣራት ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ማስተያየቱን እዚያው ውስጡ ይጨርሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የተጫነው ትክክለኛ እስከሆነና ማንም እስካላጠፋው ድረስ፣ በኋላ በስንት እጅ ዞሮ የመጣ አፕዴት ቢሆን የውሸቱን ስልኩ ይመልሰዋል። ደካማው ነጥብ የመጀመሪያዋ ጭነት ናት፣ ምክንያቱም ስልኩ የሚያስተያይበት ነገር ገና የለውም። ሁለተኛው ደካማ ነጥብ ደግሞ «አጥፉት» የሚለው ምክር ነው፤ እንደገና ወደ መጀመሪያዋ ይመልሳችኋላ!

አሁን ነፋስ መውጫ ወይ አርብ ገበያ ያለች አንዲት የሞባይል መጠገኛ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። አንዲት እናት ገብተዋል። ልጃቸው መተማ ሰሊጥ አረማ ወርዷል፤ የላከው ብር የሚገባው እዚያ ስልክ ላይ ነው።

«እማማ፣ ይኼ አሮጌ ነው፤ አጥፍቼ አዲሱን ልጫንልዎት?»

«እኔ ምኑን አውቄው ልጄ፣ እንደሚሆን አድርገው።»

ልጁ ተንኮል የለበትም። ፋይሉን እሱም ከግሩፕ ነው ያገኘው። ግን በዚያች ደቂቃ የክረምቱን ሙሉ ጉልበት የሚጠብቅ ሌላ ማንም የለም፤ እሱ ብቻ ነው። ይኼን ጽሑፍ ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ ደግሞ ቤት ውስጥ የእናት የአባት ስልክ የምትነካኩት፣ «ና እስቲ ይኼን አስተካክልልኝ» የምትባሉት እናንተ ናችሁ።

ኮምፒዩተር ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል፣ ጽሕፈት ቤትና ኢንተርኔት ቤት የምትሠሩ ስሙኝ። ዊንዶውስ ፊርማ የሌለውን ፋይልም ይከፍታል፤ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው የሚሰጠው። ፕሮግራም ስትጭኑ ስክሪኑ ደብዘዝ ብሎ የሚመጣውን ጥያቄ ታውቁታላችሁ፣ ሁላችንም ሳናነብ «የስ» የምንለውን። እዚያ ላይ የአሳታሚው ስም ተጽፎ ከሆነ ፊርማው ተረጋግጧል ማለት ነው። ቢጫ ሆኖ «አንኖውን ፐብሊሸር» ካለ ማን እንደሠራው አይታወቅም። ከመክፈታችሁ በፊት ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ፋይሉ ላይ በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ «ዲጂታል ሲግኔቸርስ» የሚለውን ታብ ክፈቱ። ስሙን መርጣችሁ «ዲቴይልስ» ስትሉ ፊርማው ደህና ይሁን የተበላሸ በአንድ መስመር ይነግራችኋል። ታቡ ጭራሽ ከሌለ ፋይሉ ውስጥ ፊርማ የለም።

ፊርማ አለመኖሩ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ኮምፒዩተር ላይ የሚያገለግል የፊርማ ሰርተፍኬት በየጊዜው በዶላር ስለሚገዛ ብዙ ትንንሽ አልሚዎች ሳይፈርሙ ይለቃሉ። የተሰነጠቀ ፕሮግራም ግን ሌላ ነው። በፍላሽ የሚዞረው ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ውስጡ ተነክቶ ነው ክራክ የሆነው፤ ስለዚህ የዋናው ሠሪ ፊርማ ቢኖረው እንኳ ተበላሽቷል ወይ ተነሥቷል። አብሮት የሚመጣውን «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» የሚለውን ማስታወሻ አስታወሳችሁት? የ«አሮጌውን አጥፉ» ወንድም ነው።

ይኼ ሁሉ ለኛ አገር አዲስ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016፣ የቢሾፍቱው የኢሬቻ እልቂት በተከሰተ በሁለተኛው ቀን፣ ያኔ አሜሪካ የነበረው ጃዋር መሐመድ አንድ ኢሜይል ደረሰው። ሊንኩ ቪዲዮ ወዳለበት ድረ ገጽ ይወስዳል፤ ገጹ ደግሞ ቪዲዮውን ለማየት የአዶቤ ፍላሽ አፕዴት ጫን ይላል። ድረ ገጹ የታወቀ የኤርትራውያን የቪዲዮ ገጽ ስም መጨረሻው ብቻ ተቀይሮ የተሠራ ነበር። ጃዋር ኢሜይሉን ካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ላለው ሲትዝን ላብ ለሚባል የምርምር ማዕከል ላከው። ማዕከሉ በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት «አፕዴቱ» ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር መሆኑን፣ ዘመቻውንም ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር አያይዞ፣ በ20 አገሮች ያሉ ኮምፒዩተሮች እንደተነኩ ገለጸ። ተመራማሪዎቹን ወደ ኩባንያው ከመሯቸው ፍንጮች አንዱ ምን ነበር? ዲጂታል ፊርማ። ፊርማ ሲያጣሩ የሚገኘው ሐሰተኛው ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ሠሪውም ይያዝበታል።

(ፍላሽ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ተዘግቷል። ዛሬ «ፍላሽ አፕዴት አድርግ» የሚል ገጽ ካጋጠማችሁ ውሸት ነው፣ ፊርማ ማየትም አያስፈልግ።)

ከዚያ በፊትም ነበር። በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. የኢሳት ጋዜጠኞች በስካይፕ ሰነድ መስሎ የመጣ ፋይል ተላከላቸው፤ ውስጡ ሀኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የስለላ መሣሪያ ነበር። በሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ራሱ ተጠልፎ ኢሜይሎቹ አደባባይ ሲወጡ፣ ከደንበኞቹ መካከል የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ኢንሳ፣ እንደነበረበት ታየ። ሌላም ነገር ታየ፤ ሀኪንግ ቲም መሣሪያዎቹን የሚፈርምበት ሕጋዊ ሰርተፍኬት እየገዛ ይጠቀም ነበር።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ፊርማ የሚመልሰው ሁለት ጥያቄ ነው፤ ማን ፈረመው፣ ከፈረመ በኋላስ ተነክቷል ወይ። ፈራሚው ደግ ነው ወይ የሚለውን ማንም አልጠየቀውም፣ አይመልስምም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታወቀው የሶላርዊንድስ ጥቃት የኩባንያው ትክክለኛ ፊርማ ባለበት አፕዴት ውስጥ ነው ተጭኖ የተሰራጨው። በ2022 መጨረሻ ደግሞ ሳምሰንግን ጨምሮ የስልክ አምራቾች የሚፈርሙባቸው ቁልፎች አፈትልከው ቫይረስ ሲፈረምባቸው ተገኙ።

ለእኛ ቅርብ የሆነውን ከፈለጋችሁ ቴክኖ ደብልዩ 2 አለ። አፕስትሪም የተባለ ድርጅት በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን፣ ካሜሩንን፣ ግብፅን፣ ጋናንና ደቡብ አፍሪካን ጠቅሶ፣ በእነዚህ ስልኮች ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ቫይረሶች ከካርቶኑ ሳይወጡ በፊት ተጭነው እንደተገኙ አስታወቀ። ቫይረሶቹ ባለቤቱ ሳያውቅ የሚከፈልበት አገልግሎት ያስመዘግቡ፣ ካርዱን ይበሉ ነበር። አምራቹ ትራንሽን ጥፋቱ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ የሌላ አቅራቢ መሆኑንና ማስተካከያ መልቀቁን ገልጿል። ስልኩን ሲገዛ የታመመ ሰው የትኛውን ፊርማ ይመርምር? እዚያ ደረጃ ላይ የተጠቃሚው ጥንቃቄ ዋጋ የለውም፤ አምራቹና ወደ አገር የሚያስገባውን የሚቆጣጠረው አካል ናቸው መጠየቅ ያለባቸው።

ኢንሳን ካነሣን አይቀር፣ በኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 መሠረት በአገራችን የዲጂታል ፊርማ ሰርተፍኬት ሥር፣ ማለትም የመጨረሻው የእምነት ምንጭ ሆኖ የተሰየመው እሱ ነው። ይኼ የሰነድና የውል ፊርማን የሚመለከት ነው እንጂ የስልካችሁን አፕ አይደለም። ያም ሆኖ የስለላ ሶፍትዌር ገዢ ሆኖ ስሙ የወጣ መሥሪያ ቤትና የፊርማ ሁሉ አባት አንድ መሆናቸውን ሳይ መገረሜ አልቀረም። ሕጉ በዓለም ከተለመደው አሠራር የተለየ አይደለም፤ አንድ ሥር መኖር አለበት። ግን ሥሩን ማን ይቆጣጠረዋል የሚለውን ለባለሙያ ብቻ የምንተወው አይመስለኝም።

አንድሮይድ ላይ እስካሁን እንዲህ ያለ ሥር አልነበረም። ማንም ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቁልፍ አውጥቶ፣ ያሻውን ስም ጽፎ መፈረም ይችላል። ስልኩ «ያው ሰው ነው ወይ» ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ «ሰውየው ማነው» አይልም። ይኼ ነው አሁን ሊቀየር የመጣው። ጉግል በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ ከፕሌይ ስቶር ውጪ የሚጫን አፕ ጭምር ማንነቱን ባስመዘገበ አልሚ የተፈረመ መሆን አለበት። ከመስከረም 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብራዚል፣ ኢንዶኔዥያ፣ ሲንጋፖርና ታይላንድ ላይ ይጀመራል፣ ከ2027 ወዲህ ወደ ሌላው ዓለም ይሰፋል። አልሚው ሕጋዊ ስሙን፣ አድራሻውን፣ ስልኩን ይሰጣል።

ለሐሰተኛ ቴሌብር ሠሪ ይኼ መጥፎ ዜና ነው። ዛሬ ፋይሉ ሲነቃበት ነገ በሌላ ቁልፍ ይመለሳል፤ መታወቂያ አስመዝግብ ሲባል ግን መመለሱ ይከብደዋል። ስለዚህ እቅዱን ሙሉ በሙሉ አልጠላሁትም። ሆኖም ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አንደኛ፣ የሚመዘግበው አንድ የግል ኩባንያ ነው፤ ስሙን መስጠት የማይችል፣ ለምሳሌ መንግሥት የሚከታተለው ሰው የሚጠቀምበትን መሣሪያ የሚሠራ አልሚ፣ የት ይሂድ? ነፃ ሶፍትዌር የሚያከፋፍለው ኤፍድሮይድ የተቃወመውም እንዲህ ባለ ምክንያት ነው። ጉግል በኅዳር ላይ ረገብ ብሎ፣ አደጋውን ተረድቻለሁ ለሚሉ ልምድ ያላቸው ተጠቃሚዎች መንገድ እከፍታለሁ ብሏል። ሁለተኛው የኛ የራሳችን ነው። እስካሁን የነበረው ማጣሪያ ስልኩ ውስጥ ያልቅ ነበር። መዝገቡ ውጭ ሲሆን ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ማጣሪያውም እንዳይጠፋ ወይም ደህናውን አፕ ጭምር እንዳይከለክል ከወዲሁ መጠየቅ አለበት። ሕጉን የሚጽፉት ሰዎች ስማዳን አያውቋትም።

ዛሬ ማታ የምታደርጉት ግን ቀላል ነው። የእናታችሁን ስልክ ውሰዱ፣ ሴቲንግ ግቡ፣ አፕስ፣ ከዚያ የባንኩን ወይ የቴሌብሩን አፕ ክፈቱ። መጨረሻ አካባቢ ከየት እንደተጫነ ይጽፋል። ፕሌይ ስቶር ካለ ደህና። ሌላ ካለ ወይም ሁለት ተመሳሳይ ካገኛችሁ አትግቡበት፣ ፒን አታስገቡበት፤ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ስትደርሱ አጥፍታችሁ ከስቶሩ ጫኑት፣ ፒኑንም ቀይሩ። ለሌላው ማካፈል ከፈለጋችሁም ፕሌይ ስቶር ራሱ ውስጥ ካለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ አፕ የሚልክ «ሼር አፕስ» የሚል አለ፤ ከግሩፕ ፋይል እሱ ይሻላል። ጂቢ ዋትስአፕና መሰሎቹ ላይ ያላችሁ ደግሞ እወቁት፤ የተነካካ አፕ ስለሆነ የዋናው ዋትስአፕ ፊርማ የለውም። በ2021 እ.ኤ.አ. ኤፍኤም ዋትስአፕ ውስጥ ያው ትሪያዳ ተገኝቷል።

ያቺ የሞባይል መጠገኛ ውስጥ ያለው ልጅም ሌላ መልስ ነበረው።

«እማማ፣ ይኼ እምቢ ብሏል፣ አልነካውም። ደብረ ታቦር ስወርድ ከዋናው አወርድልዎታለሁ።»

«ታዲያ እስከዚያ የልጄን ብር መድረሱን በምን ልየው?»

«ኮከብ 127 መሰላል ብለው ይደውሉ። አፕም ኢንተርኔትም አይፈልግም።»